በስልክ የተነቀለ ድጋፍ

ሕንፃው የወደቀው በክረምቱ ማለቂያ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። እኔ እንጅባራ ቢሮዬ ውስጥ ከአንድ ሰውዬ ጋር ስለ አጥር ወሰን ስነጋገር አለቃዬ በሩን ከፈት አድርገው፣ «ዳንግላ ላይ ገና በመሠራት ላይ ያለ ፎቅ ወድቋል። ከሥሩ ሰው አለ ይላሉ። መኪና እየተዘጋጀልሽ ነው» አሉኝ። ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ። ሰውየው የአጥሩን ነገር ገና አልጨረሰም ነበር።

መንገዱን ሁሉ ዝናብ ነበር። በዚያን ሰሞን ዳንግላ ውስጥ የሚሠሩት ፎቆች ጥቂት ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ አንዳንዶቹን የምትቆጣጠረው አበልጄ ናት። «የእሷ ባይሆን» እያልኩ ነው የሄድኩት። የእሷ ካልሆነ የሌላ ሰው እንደሚሆን አላሰብኩትም።

አበልጄ የምላት ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማውቃት ጓደኛዬ ናት። በምህንድስና ክፍላችን ሴቶች በጣት የምንቆጠር ነበርን፤ እኔና እሷ አንድ መኝታ ክፍል ደረሰንና እስከ ምረቃ አልተለያየንም። ወላጆቼ ሁለቱም ተማሪ ሳለሁ ነው ያረፉት። ወንድም እህት የለኝም፤ ባልም አላገባሁም። እሷ ስታገባ ሚዜ ሆንኩ፤ ስትወልድ ልጅቷን ክርስትና አነሳሁ። ከዚያ በኋላ በዓል በመጣ ቁጥር «የት ትውያለሽ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም፤ የት እንደምውል ሁሉም ያውቀው ነበር። እሷ ከመንግሥት ሥራ ወጥታ ዳንግላ ላይ በግሏ የሕንፃ ተቆጣጣሪ ስትሆን እኔ እዚያው የዞኑ የግንባታ ቢሮ ቀረሁ። ያም ቢሆን በየማታው ትደውልልኛለች። ብዙ ጊዜ የምናወራው ቁም ነገር አልነበረም። ልጅቷ ምን እንደበላች፣ ማን ምን እንዳለ፣ እንጅባራ ብርድ እንደሆነ።

ዳንግላ ስንደርስ ጋሪዎቹ መንገዱን ሞልተውታል። ባለ ጋሪዎቹ ፈረሶቻቸውን አቁመው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከታሉ። ከመኪና ወርጄ በሰው መሐል እየተጋፋሁ ሄድኩ። ሕንፃው የቆመበትን ቦታ አውቀዋለሁ። አበልጄ ከወራት በፊት ከገበያ ስንመለስ፣ «ያ የእኔ ነው» ብላ በእጇ አሳይታኛለች።

የየፎቁ ወለል የሆኑት ሶሌታዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተኝተዋል። መካከላቸው የባሕር ዛፍ እንጨት እንደ ክብሪት ተሰባብሮ ይታያል። ፌሮ ብረቶቹ ተጣመው ወደ ላይ ወጥተዋል። የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አለ፤ ብዙ ሰው ቆሞ ሳለ ግን ድምፅ የለም። ሰዎች በእጃቸውና በዶማ ይቆፍራሉ፤ ከመንገድ ሥራ የመጣ አንድ ሎደር ዳር ቆሞ ፈቃድ ይጠብቃል። እኔ ያደረግሁት ነገር ቢኖር የቱ ጋ እንደሚያነሱ፣ የቱ ጋ እንዳይነኩ ማሳየት ነው። ከሰዓት በኋላ የአንዲት ሴት አስከሬን አወጡ።

የሞተችው የቀን ሠራተኛ ነበረች፤ ውኃና አሸዋ የምታቀብል፣ ከገጠር ቀበሌ የመጣች ወጣት ሴት። ሌሎቹ ለቁርስ ሲወርዱ አብራ ወርዳ ነበር። ዝናቡ ሲጀምር ተመልሳ ገባች። ለምን እንደተመለሰች በዚያን ሰዓት ያወቀ አልነበረም።

አበልጄን ያየኋት ያኔ ነው። ከመንገዱ ማዶ ከአንድ ሱቅ ታዛ ሥር፣ ነጠላዋ ረጥቦ ትከሻዋ ላይ ተጣብቆ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ልሻገር ስል አንድ ፖሊስ መጥቶ አናገረኝ፤ ዞር ስል አልነበረችም።

በማግስቱ ዞኑ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ሦስት ነበርን። ሰብሳቢው ጡረታቸው የተቃረበ ዐቃቤ ሕግ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሁለተኛው ከሠራተኛ ጉዳይ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነበር። እኔ የግንባታውን ነገር እንድመረምር ተመደብኩ። ገና ሳንጀምር ለጋሼ ነገርኳቸው።

«ተቆጣጣሪዋ አበልጄ ናት። ልጇን ክርስትና አንስቻለሁ። እኔ ብወጣ ይሻላል» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «በዚህ ዞን የማንም ዘመድ ያልሆነ መሐንዲስ ከየት ላመጣ ነው?» አሉ። «ከባሕር ዳር ሰው እስኪላክልን ጊዜውም ይሄዳል፤ ባለቤቱም ፍርስራሹን ያስጠርገዋል። የነገርሽኝ በቃለ ጉባኤ ይገባል። እሷን የምናነጋግረው እኔና የሠራተኛ ጉዳዩ ሰው እንሆናለን፤ አንቺ ከክፍሉ ትወጫለሽ። ድንጋዩን ግን አንቺ ነሽ የምታነጋግሪው። አንድ ነገር ብቻ፣ ሥራው እስኪያልቅ ከእሷ ጋር አትነጋገሪ።»

«እሺ» አልኩ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ዳንግላ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ክፍል ተከራዩልኝ። የመጀመሪያው ማታ ስልኬ ጮኸ፤ እሷ ናት። አልጋው ላይ አስቀምጬ እስኪዘጋ አየሁት። ደግማ ደወለች። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ አንድ ማታ ሳትደውል ቀረች፤ እኔም ስልኩን አልጋው ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ።

ከተማው ደግሞ ቶሎ አወቀኝ። ምሳ የምበላበት ቤት ስገባ ወሬው ዝግ ይላል። አስተናጋጇ ምግቡን አምጥታ «ሌላ የሚጨመር አለ?» ሳትል ትሄዳለች። ባጃጅ ስሳፈር ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ ራዲዮኑን ይቀንሳል። አልጠሉኝም። የሕንፃው ባለቤት የተወደደ ሰው ነው፤ ለሠርግም ለለቅሶም ድንኳን የሚያበድር፣ በችግር ጊዜ እህል በዱቤ ሲሰጥ የኖረ ነጋዴ። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነበረው፤ ማንም ግን ለእኔ ሊነግረኝ አልፈለገም። ከሠራተኛ ጉዳይ የመጣው ሰው ዘመዶቹ ዘንድ ያድራል፤ ጋሼም የሚጋብዟቸው ብዙ ወዳጆች አሏቸው። እኔ ማታ ማታ ከፔንሲዮኑ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጋሪዎቹ ወደ ቤታቸው ሲገቡ አያለሁ። ባለ ጋሪዎቹ ሲተላለፉ ሰላም ይባባላሉ፤ ፈረሶቹም የሚተዋወቁ ይመስላሉ።

ቀን ቀን ፍርስራሹ ላይ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ያ ጊዜ ይሻለኝ ነበር። ድንጋይ ፊቱን አያዞርም። ቀስ በቀስ የሆነው ነገር ተገለጠልኝ። ፕላኑ ላይ የተፈቀደው ሦስት ፎቅ ነው፤ ባለቤቱ አራተኛ አስጨምሯል። ምሰሶዎቹ ለሦስቱም ቢሆን የሚያኮሩ አልነበሩም። አርማታው አንዳንድ ቦታ ላይ በጥፍር ሲቧጭሩት ይራገፋል። ከሁሉም የከፋው ግን ድጋፉ ነው። አዲስ ሶሌታ ሲሞላ አርማታው እስኪጠነክር ከሥሩ እንጨት ይቆማል። እዚህ ግን ለላይኛው ሶሌታ እንጨት ስላነሰ፣ የታችኛው ገና ሳይጠነክር ድጋፉን ነቅለው ወደ ላይ አወጡት። ከዚያ በዚያ ጥሬ ሶሌታ ላይ ሌላ ሶሌታ ሞሉበት። ከላይ የወረደውን ክብደት የታችኛው ሊሸከመው አልቻለም።

ደረጃውንም አየሁት። አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጠባብ፣ ግማሹ ሲሚንቶ የተከመረበት። ወደ ጓሮ የሚያስወጣ በር አልተተወለትም። ሕንፃው ቆሞ፣ ተከራይቶ፣ አንድ ቀን እሳት ቢነሳበት ኖሮ የላይኛው ፎቅ ሰው የሚወርድበት አልነበረውም። ይህንም ለይቼ ጻፍኩ። የሞተችውን ባይነካትም ሊሞቱ የነበሩትን ይነካል አልኩ።

የቀረው ጥያቄ ድጋፉን ንቀሉ ያለው ማን ነው የሚለው ነበር። ፎርማኑ ታስሯል። ሥራ ተቋራጩ «እኔ በቦታው አልነበርኩም» አለ። ባለቤቱ «እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ስለ እንጨት ምን አውቃለሁ» አለ። ስለዚህ ፎርማኑን አስጠራነው።

ዕድሜው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ቀጭን፣ በሥራ እጁ የሻከረ ሰው ነው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ድጋፉን ማን አስነቀለው?» አሉት ጋሼ።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት» አለ። «ግን በራሴ አልነቀልኩም። ባለቤቱ ሰኞ ካልሞላችሁ እያለ አስጨነቀኝ። እንጨት የለም። እሑድ ለተቆጣጣሪዋ ደወልኩ። ‹የታችኛውን ነቅዬ ላውጣው ወይ?› አልኳት። ‹መቼ ነው የተሞላው?› አለችኝ፤ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ ‹በቃ ንቀሉት፤ ነገ መጥቼ አየዋለሁ› አለችኝ። ሰኞ አልመጣችም። ሞላነው።»

«ይህን ስትል የሰማ ሰው አለ?»

«በስልክ ነው ጌታዬ። ማን ይሰማል?»

እኔ እጄን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ነበር፤ አነሳሁት። ያን እሑድ አበልጄ ልጇን ይዛ እንጅባራ እኔ ቤት ነበረች። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ በልተን ልጅቷ ወለሉ ላይ ሥዕል ትሥላለች። ጉሙ ወርዶ የጎረቤቱ የቀርከሃ አጥር እንኳ አይታይም። ስልኳ ጮኸ፤ ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። «መቼ ነው የተሞላው?» ስትል ሰማኋት። በጣቷ መስታወቱ ላይ ያለውን ጤዛ ጠረግ አደረገች። «በቃ ንቀሉት፤ ነገ መጥቼ አየዋለሁ።» ተመልሳ ስትቀመጥ፣ «እነዚህ ሰዎች እሑድን እንኳ አያሳርፉም» አለችኝ። እኔም «ወጥ ልጨምርልሽ?» አልኳት። የየትኛው ሕንፃ ወሬ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እሷም አልነገረችኝም። ሰኞ ልጅቷን አተኮሳት። አበልጄ ቀኑን ሙሉ ጤና ጣቢያ እንደዋለች ማታ ደውላ ነግራኛለች።

ፎርማኑ ከወጣ በኋላ ጋሼ፣ «ስልክ መደወሉን ማወቅ ይቻላል። ምን እንደተባባሉ ግን ማን ያውቃል? እሷ አላልኩም ካለች እሱ ላይ ይቀራል» አሉ።

እንደምናገር ያኔም አውቄዋለሁ። ግን አፌ እሺ አላለኝም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አበልጄን ለማነጋገር ጠሯት፤ እኔ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ተላለፍን። ጠረኗን አውቀዋለሁ፤ የምትቀባውን ቅባት እኔ ነኝ የገዛሁላት። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት፤ በሩ ተዘጋ። ጋሼ በኋላ ቃሏን ነገሩኝ። «ደውሎልኛል፤ እኔ ግን ንቀል አላልኩትም። ‹እስክመጣ ጠብቅ› ነው ያልኩት» ብላለች።

በማግስቱ ጠዋት የሟች እናት መጡ። ከገጠር ተነስተው እስከ አስፋልቱ በእግር፣ ከዚያ በጋሪ ነው የመጡት። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ ወንድማቸው ከአውንጊ ወደ አማርኛ ያስተረጉማል። እኔ እዚህ ዞን ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ አውንጊ ግን ከሰላምታ አላልፍም። እናትየው ሲናገሩ ዓይናቸውን እያየሁ ቃላቸውን ከሌላ ሰው አፍ እጠብቃለሁ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት እናቴ» አልኳቸው።

ይህንን ሳይተረጎምላቸው «አሜን» አሉ። ከዚያ ጥያቄ እንዳላቸው ተናገሩ።

«ልጄን ወደ ውስጥ የላካት ማን ነው ትላለች» አለ ወንድማቸው።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። አብረዋት ይሠሩ የነበሩ ሴቶች ነግረውኝ ስለነበር እኔ መለስኩ። «ማንም አልላካትም። ዝናብ ሲጀምር ሲሚንቶው እንዳይረጥብ ላስቲክ ልታለብሰው ነው የተመለሰችው። አለቆቿ አላዘዟትም፤ በራሷ ነው የገባችው።»

ወንድማቸው ተረጎመላቸው። እናትየው ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«እሷ እንዲህ ናት ትላለች። ጎረቤት እህል አስጥቶ ገበያ ከሄደ፣ ደመና ሲመጣ ሮጣ የምታነሳው እሷ ናት። የእኛ ሳይሆን የሰው እህል። ስንቆጣት ‹ይረጥባል እኮ› ትለናለች፤ እንዲህ ነው የምትለው» አለ ወንድማቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ከሠራተኛ ጉዳይ የመጣው ሰው ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ። እናትየው ተነሱ፤ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። በር ላይ ሲደርሱ እጄን ያዙና በአማርኛ፣ «አንቺ ልጅ አለሽ?» አሉኝ።

«የለኝም» አልኳቸው። ከዚያ «የክርስትና ልጅ አለችኝ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አበልጄ ፔንሲዮን መጣች። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነበር። ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ ሳትጠየቅ ተቀመጠች፤ ሁልጊዜም እንዲህ ናት።

«ስልክ አታነሺም» አለች።

«እንዳላነጋግርሽ ተነግሮኛል። አሁንም መነጋገር የለብንም።»

«አውቃለሁ። አልቆይም።» ከሥር ያለውን መንገድ አየች። «ልጅቷ ትጠይቅሻለች። ሥራ ላይ ናት አልኳት።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ትኩሳቱ ለቋታል።»

ከዚያ የመጣችበትን ነገር አወጣችው።

«እሑድ ዕለት ምን ሰማሽ?»

«ያልሽውን ሰምቻለሁ።»

«ለእነሱ ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም። ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ። አንቺ ቀድመሽ ገብተሽ ብትናገሪ ግን ይሻላል። ለአንቺም ይሻላል፤ ለእኔም።»

እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጣቶቿን አየቻቸው። «ሰኞ ልሄድ ነበር» አለች። «ምልልሽ፣ ልብሴን ለብሼ ነበር። ሰውነቷ እንደ እሳት ሲሆን ምን ላድርግ? አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ልጅቷን ይዤ ጤና ጣቢያ እሄድ ነበር።»

«አየሽ?»

«ግን ለፎርማኑ ደውዬ ‹አትሙላው› እለው ነበር።»

ይህንን ስል ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። እሷም እንደዚያ የሰማችው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደማታውቀኝ ሰው አየችኝ።

«ፎርማኑ ልጆች አሉት፤ አውቃለሁ» አለች። «እኔም ልጅ አለኝ። ይሄ ፈቃድ ከተነጠቀ ሌላ ምንም የለኝም። አንቺ ደመወዝሽ ይቀጥላል።»

«ይቀጥላል» አልኩ።

ተነሳች። ሁልጊዜ ስንለያይ የምንሳሳመውን አልተሳሳምንም። ደረጃውን ወርዳ መንገዱን ስትሻገር አየኋት፤ አንዲት ጋሪ አስቆመችና ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ዞር አላለችም።

ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት ደርሼ በሩ ላይ ቆምኩ። ትመጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ጋሼ መጡ፤ ያ ዝምተኛው ሰው መጣ። እሷ አልመጣችም። ገብቼ ወንበሬ ላይ አልተቀመጥኩም፤ ከጠረጴዛው ማዶ፣ የሚጠየቅ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ምነው?» አሉኝ ጋሼ።

«ከዛሬ ጀምሮ የኮሚቴው አባል መሆን አልችልም። ምስክር ነኝ።»

የሰማሁትን ነገርኳቸው። ጋሼ እንደ ማንኛውም ሰው ጠየቁኝ፤ የት ነበርሽ፣ ማን ነበር፣ ቃሉን እንዴት አስታወስሽው። ስጨርስ ብዕሩን ሰጡኝና ፈረምኩ። ከዚያ እንደ አባት ሆነው፣ «ወደ እንጅባራ ተመለሽ። ሪፖርትሽን ሌላ መሐንዲስ ያየዋል። ሄደሽ ዕረፊ ልጄ» አሉኝ።

ማረፍ የሚባለው ነገር አልመጣም። አበልጄ በሁለተኛው ጥያቄ አመነች፤ የእኔን ቃል ሲያነቡላት ብዙም አልተከራከረችም አሉ። ፎርማኑ ተፈታ። ባለቤቱና ሥራ ተቋራጩ ተከሰሱ፤ እሷም ተከሰሰች። ፍርዱ ሲሰጥ አልሄድኩም። ሁለቱ እስር ተፈረደባቸው፤ የእሷ ቅጣት በገደብ ሆነላት፣ የሙያ ፈቃዷ ግን ተነጠቀ። ባሏ ሥራ አዛውሮ ቤተሰቡን ይዞ ከዳንግላ ወጣ። መሄዳቸውን የሰማሁት ከአንዲት የጋራ ወዳጃችን ነው። «አልነገረችሽም እንዴ?» አለችኝ፤ ከዚያ ነገሩ ትዝ ሲላት ወሬ ለወጠች።

በመጀመሪያው ዓመት ለልጅቷ ለገና ቀሚስ ገዝቼ በሰው ላክሁላት። ደርሷል ተባልኩ። ከዚያ በላይ የሰማሁት የለም። በዓል ሲመጣ ጎረቤቶቼ ይጠሩኛል፤ ደግ ሰዎች ናቸው። ቤታቸው ገብቼ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ አመሰግናለሁ። ቶሎ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። እንጅባራ ከሰዓት በኋላ ጉም ሲወርድ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ራሱ ይጠፋል፤ ሰው ብቻውን ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ኮሚቴው ካቀረበው ሐሳብ አንዳንዱ ሥራ ላይ ውሏል። አሁን በዞናችን ማንም ሰው ሶሌታ ከመሙላቱም፣ ድጋፍ ከመንቀሉም በፊት ከእኛ ቢሮ ባለሙያ መጥቶ በዓይኑ ማየት አለበት። በስልክ ፈቃድ የሚባል ነገር ቀርቷል። የገበያ ሕንፃዎችም ሁለተኛ ደረጃና ወደ ውጭ የሚከፈት በር እንዲኖራቸው እንጠይቃለን። ዞሮ የሚያየው ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ። ባለቤቶቹ ሲያዩኝ ደስ አይላቸውም። በቅርቡ አንዱ የኋላውን በር ሌባ ፈርቶ በብረት በይዶት አገኘሁ።

«ቁልፍ ይሁን፤ ከውስጥ የሚከፈት። ብየዳው ይነሳ» አልኩት።

«ኢንጅነር፣ አንቺ ከሰው ጋር አትስማሚም እንዴ?» አለኝ። በቀልድ ነው ያለው፤ እኔም በቀልድ ወሰድኩት። ብየዳው እስኪነሳ ግን ከዚያ አልተንቀሳቀስኩም።

አበልጄን ከዚያ በኋላ ያየኋት አንድ ጊዜ ነው። ለስብሰባ ባሕር ዳር ሄጄ ስመለስ፣ መናኸሪያው ውስጥ ሚኒባስ እስኪሞላ ቆሜ ሳለሁ ከአንድ የውኃ ሻጭ ጋር ስትነጋገር አየኋት። ከስታለች። አየችኝ። መሸሽ ትችል ነበር፤ አልሸሸችም። ተጠጋግተን ተሳሳምን፤ ጉንጯ ቀዝቃዛ ነበር።

«ምን ትሠሪያለሽ አሁን?» አልኳት።

«ሒሳብ አስተምራለሁ። የግል ትምህርት ቤት።» የገዛችውን ውኃ ከእጅ ወደ እጅ አዛወረችው። «ደስ ይላል። ልጆቹ ይወዱኛል።»

«የእኛ ልጅስ?»

‹የእኛ› ማለቴን ሰማችው፤ አላረመችኝም። «ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል» አለች። «አሁን እኔን እየመከረች ነው።»

«ስለ እኔ ትጠይቃለች?»

«ድሮ ትጠይቅ ነበር።»

የሚኒባሱ ረዳት «እንጅባራ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። አበልጄ ወደ እሱ ተመለከተችና ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ባትናገሪም እኔ እናገር ነበር ይመስለኛል» አለችኝ። «ያን ጠዋት ወደ ቢሮው ልመጣ ወጥቼ ነበር። ጋሪው ላይ ተቀምጬ እስከ ድልድዩ ደርሻለሁ። ከዚያ ባለ ጋሪውን መልሰኝ አልኩት።» የውኃውን ክዳን አጠበቀች። «እናገር ነበር ይመስለኛል። አላውቅም።»

እጇን ያዝኩ፤ እሷም የእኔን ያዘች። ከዚያ ረዳቱ፣ «እሙዬ ትሄጃለሽ ወይስ ሌላ ሰው ላስገባ?» ሲለኝ ለቀቅኳት።

የተረፈው ቦታ ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስ ዞሬ ፈለግኳት፤ ሰው መሐል ገብታ ነበርና አልለየኋትም። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቆሎ አውጥተው «ልጄ፣ ያዢ» አሉኝ። ተቀብዬ እየበላሁ ስለ ዘንድሮ ዝናብ ሲያወሩ አዳመጥኳቸው። ዳንግላ ወርደው ሲሄዱ መቀመጫው ባዶ ሆነ።

እንጅባራ ስደርስ መሽቶ ነበር። ቤቴን ከፍቼ ገባሁ፤ መብራት የለም። ሻማ አብርቼ ዳቦ በሻይ በላሁ። በማግስቱ ጠዋት ከገበያው በታች ሶሌታ የሚሞሉ ሰዎች እየጠበቁኝ ስለነበር ጫማዬን በር ላይ አዘጋጅቼ ተኛሁ።